የቤት ኪራይ ያጣው መንግሥት፦ የኮሪያ ስደተኞች 26 ዓመት እንዴት ዘለቁ?

ሰባራ ባቡር (ክሩን የከፈተው) · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን ስለ ኮሪያ የነፃነት ትግል እያነበብኩ ነው። ድራማውን ሳይሆን ታሪኩን። አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

ጃፓን በ1910 ኮሪያን ጠቅልላ ያዘች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትቆጡኝ።) ማርች 1 ቀን 1919 ሴኡል ላይ የነፃነት አዋጅ ታወጀ። የፈረሙት 33 ሰዎች ናቸው። 16ቱ ክርስቲያን፣ 15ቱ ቾንዶግዮ የሚባለው የአገሬው እምነት ተከታዮች፣ ሁለቱ ቡድሂስቶች። ሕዝቡ በየከተማው ባዶ እጁን ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጃፓን በጥይት መለሰች። ዩ ግዋን ሱን የምትባል ተማሪ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለች እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ስደተኞቹ ደግሞ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 11፣ ሻንጋይ ፈረንሳዮች በሚያስተዳድሩት ሰፈር ጊዜያዊ መንግሥት አቋቋሙ።

ከዚያማ ጭቅጭቅ ነው። ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን አወረዱ። ኮሚኒስቱ ከብሔርተኛው፣ የአሜሪካው ከማንቹሪያው፣ ቦምብ እንወርውር የሚለው ትምህርት ቤት እንክፈት ከሚለው ተናከሰ። እንደዚያም ሆኖ መንግሥቱ እስከ 1945 ቆየ። 26 ዓመት! መሬት የለው፣ ግብር የለው፣ እውቅና የለው። ምን ይዞት ነው የቆየው?

«ድር ቢያብር» ብሎ የሚጀምር ሰው እንዳይመጣብኝ። አላበሩም።

ቡና ጠጡ · ሰኞ ማታ 2፡52

ድር ቢያብር... ይቅርታ፣ እጄ አምልጦኝ ነው። ቦታ ይዣለሁ፣ ቀጥሉ።

የሃን ወንዝ · ሰኞ ማታ 4፡15

ሴኡል ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፤ እዚህ ይህን ታሪክ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን መልሱን ከጀግንነቱ ሳይሆን ከቤት ኪራዩ ብትጀምረው እላለሁ።

ኪም ጉ የሚባለውን ሰው ታውቀዋለህ። በ1919 ሻንጋይ ሲደርስ «የመንግሥቱ በር ጠባቂ አድርጉኝ» ብሎ ነበር የጠየቀው። ሲቀልድ አይደለም። ድሮ እስር ቤት ሳለ ግቢ ሲጠርግ፣ የራሳችን መንግሥት ቢኖረን በሩን እየጠረግሁ በኖርኩ ብሎ ተመኝቶ ነበርና። የመንግሥቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው አን ቻንግ ሆ ግን የፖሊስ ኃላፊ አደረገው። ከዓመታት በኋላ የመንግሥቱ መሪ ሆነ።

መሪ ሆኖ ምን አገኘ? ዕዳ። ራሱ በማስታወሻው እንደጻፈው የቢሮው ኪራይ በወር ከ30 ዎን አይበልጥም፣ የተላላኪው ደመወዝ 20 አይሞላም። ያንንም መክፈል አቅቷቸው አከራዩ ፍርድ ቤት ይገትራቸው ነበር። ማታ ማታ ቢሮው ውስጥ ይተኛል። ምግቡን የሚበላው ሥራ ያላቸው ኮሪያውያን ቤት እየዞረ ነው። «ለማኝ» ብሎ ነው ራሱን የጠራው። እናቱ ደግሞ ከገበያ ቆሻሻ ላይ የተጣለ የጎመን ቅጠል እየለቀሙ፣ በጨው አሽተው ያቆዩ ነበር። አንድ ጊዜ ጓዶቹ ለልደታቸው ድግስ ገንዘብ ሲያዋጡ «ስጡኝ፣ የምወደውን ልግዛበት» አሉና ሽጉጥ ገዝተው አስረከቧቸው።

ታዲያ ኪም ጉ ምን ዘየደ? ደብዳቤ። አሜሪካ፣ ሐዋይ፣ ሜክሲኮ፣ ኩባ ላሉት ኮሪያውያን አንድ በአንድ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ስለማያውቅ ፖስታው ላይ አድራሻውን የሚጽፉለት ሌሎች ናቸው። የሐዋዮቹ በ1903 እና በ1905 መካከል የሄዱ ወደ 7,000 የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የሸንኮራ እርሻ የቀን ሠራተኞች። ከዚያች የቀን ሙያተኛ ደመወዝ ነው ዶላር የሚቆርጡለት። እኔ የምልህ ይህንን ነው። ያ መንግሥት የቆየው መሪዎቹ ስለተስማሙ አይደለም። በየወሩ አንድ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ መዋጮውን ስለከፈለ ነው።

ሰባራ ባቡር · ሰኞ ማታ 4፡31

የጎመኗ ነገር ሆዴን በላችኝ። ኪራይ የሚከሰስ መንግሥት! ቀጥዪ እባክሽ።

ሽበቴ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡05

ልጆች፣ እኔ ደግሞ ስለ ጭቅጭቁ ልበል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስብሰባ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጠቡ የጀመረው በማዕረግ ነው። ሻንጋይ ያሉት ሲንግማን ሪን ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው መረጡት። እሱ አሜሪካ ሆኖ «ፕሬዚዳንት» እያለ ይፈርማል። አን ቻንግ ሆ ቴሌግራም መታለት፤ እኛ ዘንድ የፕሬዚዳንት ሹመት የለም፣ ተው አለው። የሪ መልስ ምን ነበር መሰላችሁ? በዚህ ስም ለመንግሥታት ደብዳቤ ልኬአለሁ፣ አሁን አለመስማማታችን ከታወቀ ሥራችን ይበላሻል፣ ስለዚህ ዝም በሉ! ዝምም አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ሕገ መንግሥቱን ቀየሩና ፕሬዚዳንት አደረጉት። አያችሁ፣ ሹመቱ ለሰውየው ተሰፋለት።

ሌላም ቁርሾ ነበረ። ሪ በዚያው በ1919 መጀመሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን አቤቱታ ጽፎ ነበር፤ ኮሪያ ለጊዜው በመንግሥታቱ ማኅበር ሞግዚትነት ትቀመጥ የሚል። ሺን ቼ ሆ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ጨሰ። ዪ ዋን ዮንግ ያለችንን አገር ሸጠ፣ ሪ ግን ገና ያላስመለስናትን ሸጠ ብሎ አዳራሹን ጥሎ ወጣ ይባላል። ዪ ዋን ዮንግ እንግዲህ ለጃፓን የፈረመው ሚኒስትር ነው።

ሪ ሻንጋይ የተቀመጠው ግማሽ ዓመት እንኳ አይሞላም። በዲሴምበር 1920 መጣ፣ በሜይ 1921 ተመልሶ ሄደ። የሐዋይን መዋጮም በእጁ ያዘ። በ1925 በማርች ከሥልጣን አነሱት። እሱ ግን «አልነሣም» አለና ዋሽንግተን የከፈተውን ቢሮ ይዞ ተቀመጠ።

በዚያ በኩል ደግሞ ዪ ዶንግ ህዊ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን የኮሪያ ሶሻሊስቶች ያደራጀው። ሞስኮ 2 ሚሊዮን ሩብል ቃል ገባችለት፤ ከፊሉ መጣ። ገንዘቡ የት ገባ በሚል ሰው ተገደለ፣ ያውም በወገን እጅ፣ ሻንጋይ መንገድ ላይ። በ1923 ከመቶ በላይ ልዑካን ተሰብስበው ለወራት መከሩ። ግማሹ ያለውን እናሻሽል አለ። ግማሹ አፍርሰን አዲስ እንሥራ አለ። ተበተኑ።

ስለዚህ የሃን ወንዝ ልጄ፣ መዋጮው አቆየው ስትዪ እኔም እቀበላለሁ። ግን መዋጮው ራሱ የጠብ ምክንያት እንደነበር አትርሺ።

የሃን ወንዝ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡20

ጋሼ፣ እሱስ እውነትዎን ነው። ፓርክ ዮንግ ማንንም ይጨምሩበት። ኔብራስካ ውስጥ፣ የበቆሎ አገር ላይ፣ ኮሪያውያን ወጣቶችን ቀን እርሻ እያሠራ ማታ ወታደር የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ሪን ወደ ሐዋይ የጋበዘውም እሱ ነው። ሪ ከመጣ በኋላ ማኅበሩን ነጠቀው። በመጨረሻ በ1928 ቤጂንግ ላይ የገዛ ወገኑ ተኩሶ ገደለው።

ሐረር በር · ማክሰኞ ቀን 7፡48

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ጎመን መልቀም ምን አመጣ? ኮሪያን ነፃ ያወጣው አሜሪካ የጣለው አቶሚክ ቦምብና የሩሲያ ታንክ ነው። ስደተኛ መንግሥት ማለት አዳራሽ ተከራይቶ ባንዲራ የሚሰቅል ሰው ነው። ለሽማግሌዎች መዝናኛ። በቃ።

አወያይ · ማክሰኞ ቀን 7፡55

ሐረር በር፣ ሐሳብህን በሐሳብ። ሽማግሌ እዚህም አለ።

ሽበቴ · ማክሰኞ ቀን 8፡02

ተዉት፣ አልተቀየምኩም። አዳራሽ ተከራይተን ባንዲራ ሰቅለናል እኮ።

የሃን ወንዝ · ማክሰኞ ማታ 3፡30

ሐረር በር፣ ግማሹ እውነት ነው። ጃፓንን ኮሪያውያን አላሸነፏትም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። በ1943 ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ቻይናዊው ቺያንግ ካይ ሼክ ካይሮ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ኮሪያ «በጊዜው» ነፃ ትሆናለች የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ከጃፓን ቅኝ ግዛቶች መካከል ነፃ አገር ትሆናለች ተብላ በስሟ የተጠራችው እሷ ነች። ማን አስታወሳት?

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በ1931 በጋ ማንቹሪያ ውስጥ ኮሪያዊና ቻይናዊ ገበሬዎች በመስኖ ቦይ ተጣሉ። ወሬው ተጋኖ ኮሪያ ሲደርስ እዚያ ያሉ ቻይናውያን ተገደሉ፣ ሱቃቸው ተዘረፈ። ሻንጋይ ያሉት ኮሪያውያን ከቤት መውጣት አፈሩ። ቻይናውያኑ የጃፓን ውሾች ይሏቸው ጀመር። ኪም ጉ ገንዘብ የለው፣ ጦር የለው። ያለችውን ሳንቲም ሰብስቦ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ምሥጢራዊ ቡድን አቋቋመ። በጃንዋሪ 1932 ሊ ቦንግ ቻንግ ቶኪዮ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ሰልፍ ላይ ቦምብ ወረወረ፤ ሳተ።

ቀጥሎ ዩን ቦንግ ጊል መጣ። 23 ዓመቱ ነው፣ ሻንጋይ ገበያ ውስጥ አትክልት ይነግድ ነበር። ኤፕሪል 29 ጠዋት ከኪም ጉ ጋር ቁርስ በላ። በደንብ በላ፣ እርሻ እንደሚወርድ ገበሬ ይላል ኪም ጉ። ሰዓቱ ሲደርስ ዩን ሰዓቱን ፈታ። «ትናንት በ6 ዎን የገዛሁት ነው። የእርስዎ 2 ዎን ነው የሚያወጣው። እንለዋወጥ። ለእኔ ከአንድ ሰዓት በላይ አያገለግለኝም» አለው። ተለዋወጡ። መኪና ውስጥ ሲገባ በኪሱ የቀረውን ገንዘብም አውጥቶ ሰጠው። «ምነው፣ ትንሽ ገንዘብ ብትይዝ ምን አለበት?» ሲለው፣ የታክሲውን ከፍሎ አምስት ስድስት ዎን ይተርፈኛል አለ።

የውኃ ኮዳ የሚመስል ቦምብ ነበር። ሆንግኩ መናፈሻ ላይ የጃፓን ጦር በዓል ሲያከብር መድረኩ ላይ ወረወረው። ጄኔራል ሺራካዋ በቁስሉ ሞተ። ዲፕሎማቱ ሺጌሚትሱ እግሩን አጣ። ያ ሰው በሴፕቴምበር 1945 ሚዙሪ መርከብ ላይ፣ በሰው ሠራሽ እግሩ እያነከሰ ሄዶ የጃፓንን እጅ መስጠት የፈረመው ነው። ዩንን ካናዛዋ ወስደው በዲሴምበር ረሸኑት።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት «ውሻ» ያሉት ቻይናውያን መደበቂያ፣ ገንዘብ፣ ጀልባ አቀረቡ። የጃፓን ባለሥልጣናት ኪም ጉን ለያዘ 600,000 ዩዋን እንከፍላለን አሉ። 30 ዎን ኪራይ ያቃተው ሰው ነው! ፊች የተባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ቤታቸው ደበቁት። ፖሊስ ሲጠጋ ሚስትየው ከኪም ጉ ጎን እንደ ባልና ሚስት ተቀመጡ፣ ባልየው ሾፌር መስሎ ነዳ። ጂያሺንግ ደርሶ ደግሞ ጀልባ ከምትቀዝፍ ሴት ጋር ቦይ ለቦይ እየተንሳፈፈ ኖረ። እሷ ካንቶናዊ ነው ብላ ታምን ነበር።

ቺያንግ ካይ ሼክ በዚህ የተነሣ ነው ለኮሪያውያን የወታደር ትምህርት ቤት በር የከፈተው። በጁላይ 1943 ኪም ጉና ጓዶቹ ቺያንግን አግኝተው ለመኑት። በኖቬምበር ካይሮ ሄደ። ስለዚህ ቦምቡ ነፃ አወጣቸው አልልህም። ግን ያቺ ዐረፍተ ነገር ከሰማይ አልወረደችም።

ሐረር በር · ማክሰኞ ማታ 4፡10

እሺ፣ የካይሮውን አላውቅም ነበር። «በጊዜው» የምትለዋ ቃል ግን ትሸተኛለች።

የሃን ወንዝ · ማክሰኞ ማታ 4፡18

እነሱንም ሸታቸዋለች። ኪም ጉ ራሱ ተቆጥቶባታል።

ቋሚ ተጓዥ · ረቡዕ ጠዋት 12፡40

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ታሪክ አላውቅም። ግን ያን ቤት አይቼዋለሁ። ዕቃ ልጭን ሻንጋይ ሄጄ ኮንቴይነሩ ዘግይቶብኝ ሦስት ቀን ቦዘንኩ። ሆቴሌ አጠገብ ኮሪያውያን ጎብኚዎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ አይቼ ተከተልኳቸው። ምን ሕንፃ ይሆናል ስል ቅያስ ውስጥ ያለ ተራ ቤት! ከጡብ የተሠራ፣ ልጥፍ ልጥፍ ካሉ ቤቶች አንዱ። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ይሰጡሃል። ታች ወጥ ቤት አለ። ደረጃው እንጨት ነው፣ አንድ ሰው ሲወጣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ላይ ጠረጴዛና ወንበር። የሰፈር ዕድር ቢሮ ይበልጠዋል።

ከፊቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት ደረጃው ላይ ቆመው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ምንም ሳይገባኝ መሐረብ ሰጠኋቸው። አሁን ነው የገባኝ።

ሰባራ ባቡር · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ከ1926 እስከ 1932 የኖሩበት ነው መሰለኝ። ከዩን ቦምብ በኋላ ጥለው ሸሹ። ሃንግጁ፣ ዠንጂያንግ፣ ቻንግሻ፣ ጓንግጁ፣ ሊዩጁ፣ ቺጂያንግ፣ በ1940 ቾንግቺንግ። ጃፓን እየገፋች፣ እነሱ ማኅደርና ሕፃን ተሸክመው እየሸሹ። ቻንግሻ ላይ ፓርቲዎቹን እናዋሕድ ብለው እራት ተቀምጠው ሳለ አንድ የራሳቸው ሰው ገብቶ ተኮሰባቸው። ኪም ጉ ደረቱን ተመታ፣ ተረፈ። አንዱ ጓዱ ሞተ። የአንድነት እራት ላይ!

እትዬ ሻይ · ረቡዕ ቀን 6፡30

ወንዶቹ ሁሉ ተጠሩ። ሻዩን ያፈላው ማነው? ጆንግ ጆንግ ህዋ የምትባል ሴት አለች። በ1920 ገና በ19 ዓመቷ አማቷና ባሏ ወዳሉበት ሻንጋይ ብቻዋን በባቡር ሄደች። አማቷ ቀድሞ የንጉሡ ሹም የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መንግሥቱ ገንዘብ ሲያጣ «እኔ እገባለሁ» አለችና ጃፓን በያዘችው አገር ገብታ፣ ከዘመድ አዝማድ ገንዘብ ለምና፣ ያሉ ወንዝን ተሻግራ ተመለሰች። አንዴ አይደለም፣ ስድስት ጊዜ! አንዱ ጉዞ ላይ ተይዛ ታስራለች።

ከዚያ በተረፈ የ26 ዓመት ወጥ ቤት የእሷ ነው። ኪም ጉ ሲርበው በሯን ያንኳኳ ነበር፤ «እናቴ፣ እራት አለ?» እንደማለት ነው። የመንግሥት ምክር ቤት አባላት ብላችሁ የምትጠሯቸውን እየመገበች ያኖረች ሴት ናት። የሃን ወንዝ፣ መዋጮው ስትዪ ይህንንም ቁጠሪው።

የሃን ወንዝ · ረቡዕ ቀን 7፡05

እትዬ፣ ልክ ነዎት። አፈርኩ።

ሽበቴ · ረቡዕ ማታ 2፡00

ሁላችሁም ሻንጋይ ላይ ተጣዳችሁ። ማንቹሪያስ? በ1910 መጨረሻ የስድስት ወንድማማቾች ቤተሰብ፣ ዪ ሆ ዮንግና ወንድሞቹ፣ የትልቅ ባላባት ዘር ናቸው፣ መሬታቸውን ሁሉ ሸጠው በክረምት ድንበር ተሻገሩ። በገንዘቡ ሺንሁንግ የሚባል የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወደ 3,500 ሰው አሠለጠነ። ገንዘቡ አለቀ። ቤተሰቡ ማሽላ ገንፎ ላይ ወደቀ። ዪ ሆ ዮንግ በ1932 ዳልያን ላይ ተይዞ በምርመራ ሞተ። ከስድስቱ ነፃነትን አይቶ አገሩ የገባው አንዱ ብቻ ነው፤ ዪ ሺ ዮንግ። የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሆንግ ቦም ዶ ነው። አዳኝ ነበር፤ ነብር አዳኝ። በ1920 በማንቹሪያ ተራሮች ጃፓንን ደጋግሞ መታ። ጃፓን ንዴቷን በኮሪያውያን ገበሬዎች መንደር ላይ ተወጣች። እሱና ሌሎቹ ወደ ሩሲያ ተሻገሩ። በ1921 ስቮቦድኒ በምትባል ከተማ «ማን ያዝዛል?» በሚል ጠብ ቀይ ጦሩና ኮሪያውያኑ ተታኮሱ፣ ስንቱ አለቀ። የከተማዋ ስም በሩሲያኛ «ነፃ» ማለት ነው።

በ1937 ስታሊን በሩቅ ምሥራቅ የነበሩትን 170,000 ያህል ኮሪያውያን በባቡር ጭኖ ማዕከላዊ እስያ ጣላቸው። ሆንግም አብሮ ተጫነ። ካዛኪስታን፣ ክዝልኦርዳ ውስጥ የኮሪያውያን ቲያትር ቤት ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ስለ እሱ ተውኔት ሲሠራም እዚያው ቤት ውስጥ ነው የታየው። አስቡት፣ በሩ ላይ ዘበኛው እሱ፣ መድረኩ ላይ ጀግናው እሱ። በ1943 ሞተ። ነፃነቱን አላየም።

ሰባራ ባቡር · ረቡዕ ማታ 2፡20

ጋሼ፣ ይህንን ሰምቼ እንዴት ልተኛ ነው።

ቡና ጠጡ · ረቡዕ ማታ 2፡44

አንዱ በር ጠባቂ ልሁን ብሎ መሪ ሆነ፣ አንዱ መሪ ሆኖ በር ጠባቂ ሆነ። ቡናዬ በረደ።

የሃን ወንዝ · ረቡዕ ማታ 3፡10

አስከሬኑ በኦገስት 2021 ነው የተመለሰው። በተዋጊ ጄቶች ታጅቦ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጦር አካዳሚው ሐውልቱን ላንሣ አለ፣ የሶቪየት ፓርቲ አባል ነበር ተብሎ። እዚህ አገሩ ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲሟገት ከረመ። ምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሰዎች ዱላ ቀረሽ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የ1921 ጠብ አላለቀም እኮ።

ኪም ዎን ቦንግም እንደዚያው ነው። በ1919 የቦምብ ወርዋሪዎቹን ማኅበር መሠረተ፣ በኋላ የስደት መንግሥቱ የጦር ሚኒስትር ሆነ። አገሩ ሲገባ ድሮ ለጃፓን ይሠራ የነበረ ፖሊስ ያዘው። ለጃፓን! በ1948 ወደ ሰሜን ሄደ። ሰሜኖቹ በ1958 ከሥልጣን አስወገዱት፣ ደብዛው ጠፋ። ደቡብ ደግሞ ወደ ሰሜን ስለሄደ እስካሁን ኒሻን አልሰጠውም። ሁለቱም አገር የማይፈልገው ሰው።

የዘማች የልጅ ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 3፡25

አዲስ አበባ፣ ኮሪያ ሰፈር ነው ያደግሁት። አያቴ በ1951 ከቃኘው ጋር ፑሳን የወረዱ ናቸው። ብዙ ያወሩልን ነበር፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ኮረብታው፣ ወላጅ ስላጡ ሕፃናት። ስለ ጃፓን ጊዜ ግን አንዲት ቃል ሰምቼ አላውቅም። ለእሳቸው ኮሪያ የጀመረችው በ1950 ነው።

እና እዚህ ሳነብ አንድ ነገር ቆጨኝ። በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ሄደው ነበር። የዚያ ዓመት ሕገ መንግሥታችን በአመዛኙ የተቀዳው ከጃፓኑ የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነው። የኛ ምሁራን ጃፓንን እንደ መስታወት ነበር የሚያዩአት፤ ነጭ ያልሆነ፣ ያልተገዛ፣ የሠለጠነ። በዚያው ሰዓት ኮሪያ በጃፓን እጅ 21 ዓመቷ ነበር። በ1936 ጣሊያን እኛን ሲይዝ ደግሞ ጃፓን ወረራውን እውቅና ሰጠች።

ሽበቴ · ሐሙስ ጠዋት 3፡50

ጥሩ ነካኸው። በ1907 የኮሪያ ንጉሥ ሦስት መልእክተኞች በምሥጢር ዘ ሄግ የሰላም ጉባኤ ላከ። ጃፓን የውጭ ጉዳያችሁን ተረክባለች፣ እናንተ አገር አይደላችሁም ተብለው በር ላይ ተመለሱ። አንዱ፣ ዪ ጁን፣ እዚያው ሆቴል ሞተ። ንጉሡንም ጃፓን ከዙፋን አወረደችው። እኛ በ1936 ጄኔቫ ቢያንስ መድረኩን አግኝተናል። ፉጨትም ቢሆን።

ሐረር በር · ሐሙስ ቀን 6፡15

የሃን ወንዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መከራከሬ አይደለም። ስደተኛው መንግሥት ቾንግቺንግ ላይ ያቋቋመው ጦር በመጨረሻ ተዋጋ?

የሃን ወንዝ · ሐሙስ ማታ 3፡00

የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 1940 ጦሩን አቋቋሙ። ቻይና ገንዘብ ሰጠች፣ ከገንዘቡ ጋር ግን ትእዛዙን ወሰደች። ጥቂት ወጣቶች ከእንግሊዞች ጋር በርማ ሄደው በድምፅ ማጉያ ጃፓኖችን በቋንቋቸው ሰበኩ። በ1945 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሺአን አጠገብ አሠለጠናቸው፤ ሬዲዮ፣ ፈንጂ፣ ገደል መውጣት። ብዙዎቹ ጃፓን በግድ ለውትድርና ወስዳቸው ከድተው፣ በእግራቸው ቻይናን አቋርጠው የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ኦገስት ላይ ኮሪያ ሊገቡ ነበር። ኪም ጉ ሺአን መጥቶ ልምምዱን አየ። ከዚያ ቻይናዊው ገዢ ቤት እራት ላይ ስልክ ተደወለ። ጃፓን እጅ ልትሰጥ ነው!

ደስ አላለውም። ሰማይ የተደፋበት ያህል ነበር ይላል። ምንም ሳንሠራ አለቀ፣ ነገ ማን ይሰማናል ብሎ። እንዳለውም ሆነ። ኦገስት 18 ጥቂቶቹ ከአሜሪካኖቹ ጋር በአውሮፕላን ሴኡል፣ ዮይዶ አረፉ። እጅ የሰጡት ጃፓኖች ጠመንጃ ደግነው ከበቧቸው፣ በነጋታው ተመለሱ። ኪም ጉና ሚኒስትሮቹ አገራቸው የገቡት በኖቬምበር 23 ነው፣ ያውም እንደ መንግሥት አይደለም፣ እንደ ግለሰብ ብላችሁ ፈርሙ ተብለው።

ሪ ደግሞ ከወር በላይ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። በ1948 ፕሬዚዳንት ሆነ። ኪም ጉ አገሪቱ ለሁለት አትከፈል ብሎ ፒዮንግያንግ ድረስ ሄዶ ለመነ፣ አልተሳካለትም። በጁን 26 ቀን 1949 ቤቱ ውስጥ አንድ የጦር መኮንን ተኮሰበት። ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው ጦርነቱ የተነሣው። የአያትህ ጦርነት ማለት ነው፣ የዘማች የልጅ ልጅ።

የዘማች የልጅ ልጅ · ሐሙስ ማታ 3፡22

የት ነው የተቀበረው?

የሃን ወንዝ · ቅዳሜ ማታ 1፡40

ዛሬ ሄጄ አየሁላችሁ። ሂዮቻንግ መናፈሻ ይባላል፣ ከባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። ኪም ጉ አገሩ እንደገባ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ፣ የዩንንና የሊ ቦንግ ቻንግን አፅም ከጃፓን አስመጥቶ እዚህ ማሳረፍ ነበር። አንድ ሦስተኛ ጓዳቸውም አለ። ሦስት መቃብር ተደርድሯል። ከጎናቸው አራተኛ አለ፣ ባዶ። በ1909 ሃርቢን ጣቢያ ላይ የቀድሞውን የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቶ ሂሮቡሚን ለገደለው ለአን ጁንግ ግን የተተወ ነው። ጃፓኖች በ1910 ሰቅለው የት እንደቀበሩት እስካሁን አልተገኘም። ኪም ጉ ራሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀብሯል።

ከመቃብሮቹ አጠገብ ትልቅ ስታዲየም አለ። በሪ ዘመን ነው የተሠራው፣ ለ1960 የእስያ ዋንጫ። መቃብሮቹን ከዚህ ሊያነሣቸው ፈልጎ ነበር ይላሉ እዚህ ያሉ ሰዎች። ዛሬ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። አሠልጣኙ ሲጮህ መቃብሩ ድረስ ይሰማል።

አንድ ሽማግሌ ባዶው መቃብር ፊት ወድቆ የደረቀ ቅጠል በእጃቸው ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሠራተኛ መስለውኝ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስል ብድግ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም ቅጠሉን አብሬ ለቀምኩ።

ቋሚ ተጓዥ · ቅዳሜ ማታ 2፡05

በሚቀጥለው ወር በሴኡል አቋርጣለሁ። መግቢያው ስንት ነው?

የሃን ወንዝ · ቅዳሜ ማታ 2፡09

መናፈሻው ነፃ ነው። እዚያው ያለው ሙዚየም ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው፣ በሌላ ቀን ና።